በፍልሰታ የተሻገረው ቅቤ

ባለፈው ሳምንት ለአራተኛ ክፍል ስለ ሦስት ማዕዘን እያስተማርኩ ሳለ አንዲት ተማሪዬ ማስመሪያ ፍለጋ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ከደብተሮቿ ጋር የታሰረ ፌስታል ወደቀ፤ ቋጠሮው ላላና ክፍሉ ባንዴ በኮሰረት ሽታ ተሞላ።

«ቲቸር፣ የኔ አይደለም» አለች ልጅቷ ደንግጣ። «እማዬ ትናንት ከጅጅጋ ይዛው መጥታ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ለጎረቤታችን አድርሺ ብላኝ ነው።»

«ምንም አይደል፣ መልሰሽ እሰሪው» አልኳት። እሷ አሰረችው፤ እኔ ግን የሦስት ማዕዘኑን ሁለት ጎን አስምሬ ሦስተኛውን ሳልጨርስ ቆምኩ። ተማሪዎቼ እንዲህ ስሆን አይተውኝ አያውቁም። ሐርጌሳ ውስጥ፣ መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ትምህርት ቤታችን ትምህርቱን በሰዓቱ ጀምሮ በሰዓቱ በመጨረስ የምታወቀው እኔ ነኝ።

ኮሰረትን ለማያውቅ ላስረዳ። ቅቤ በእሳት ሲነጠር አብሮ የሚገባ ደረቅ ቅጠል ነው። ለብቻው ሲሸተት ዝናብ የነካው ሳር ይመስላል፤ ቅቤ ሲያገኝ ግን ሽታው ይወፍርና ቤት ይሞላል። ለእኔ ይህ ሽታ የአንድ ክረምት ሽታ ነው፤ ረመዳንና ፍልሰታ የተገናኙበት ክረምት።

ዐሥር ዓመቴ ነበር። እዚሁ ሐርጌሳ፣ ዳሚ በሚባለው ሰፈር፣ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። አባቴ ግንበኛ ነው፤ በዚያ ክረምት በርበራ ሥራ አግኝቶ ሄዷል። እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ወሯም ገብቷል። ከእኛ ቀጥሎ ባለችው ክፍል እትዬ ሙሉ ይኖሩ ነበር። ጋአን ሊባህ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ምግብ የሚያበስሉ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን ሴት ናቸው። ሲቆጡ ማንም አይፈራቸውም፤ የሚፈሩት ዝም ሲሉ ነው። ዘመዳችን አይደሉም። ቢሆንም በግቢው ውስጥ ማን ምን እንደሚበላና ማን መቼ እንደሚታመም የሚወስኑት እሳቸው ይመስሉኝ ነበር።

ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ እናቴ ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር። ልጁ ሳምንት አልቆየም። ያን ጊዜ እትዬ ሙሉ ገና ወደ ግቢያችን አልመጡም፤ ገንፎ የሚያገነፋላት፣ ቅቤ የሚያቀርብላት ሰው ስላልነበረ እናቴ የታረሰችው በፓስታና በሩዝ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ከፍራሿ የምትነሳው ግድግዳ ይዛ ነበር። እትዬ ሙሉ ይህን ታሪክ በሰሙ ቀን እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«አራስ በፓስታ?» አሉ። ደገሙትም፤ «በፓስታ!»

እኔ ከዚህ የተረዳሁት ወንድሜን የገደለው ፓስታ መሆኑን ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ፓስታ ሲቀርብልኝ ግን ስጎውን በዳቦ እየጠረግኩ እበላና ፓስታውን ለግቢው ድመት እሰጥ ነበር። ድመቷ አለመሞቷ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር።

እትዬ ሙሉ የእናቴ ሆድ ከፍ ማለቱን ካዩ ጀምሮ አንድ ነገር ወሰኑ፤ አስቴር ሁለተኛ በፓስታ አትታረስም። አስቴር እናቴ ናት። ሐርጌሳ ውስጥ ቅቤ የለም ማለቴ አይደለም። ሱማሌዎቹ ሱበግ የሚሉት አለ፤ ጥሩ ነው፤ እትዬ ሙሉ ራሳቸው በሥራ ቤታቸው በየቀኑ ያበስሉበታል። «ለእናትሽ ግን ሆዷ የሚያውቀውን ነው የምንፈልገው» አሉኝ። «ኮሰረት ያለበት፣ የእኛ አገር ቅቤ። የገብስ ዱቄትም እንዲሁ። ጤና አዳምም እንተክላለን።» እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቁጥር ሰጥቼ፣ ከእያንዳንዱ ፊት ምልክት የሚደረግበት ቦታ ትቼ።

ለምን በጾም ድንበር ተሻግረን ጅጅጋ ሄድን? ይህን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ ምክንያቱ ቀላል ነው። ጾም ሲሆን ጿሚው ቅቤ ስለማይገዛ ቅቤ ይረክሳል። አስተዋይ ሴት ለዓመት በዓሏ የሚሆነውን በጾም ትገዛለች። ለእናቴም ቀኗ ስለደረሰ ጾሙ እስኪፈታ መጠበቅ አይቻልም ነበር።

ፍልሰታ ከነሐሴ አንድ እስከ ዐሥራ አምስት የሚጾም የእመቤታችን ጾም ነው። ትልልቆቹ ጾሞች ሲመጡ ልጆች ይሸሻሉ፤ ይሄኛውን ግን ልጆች ራሳቸው ለምነው ይጾሙታል። የእኛ ወራት ከቦታቸው አይንቀሳቀሱም፤ የሙስሊሞቹ ወር ግን በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ዐሥር ቀን ያህል ቀደም ይላል። በዚያ ዓመት ረመዳን ዞሮ ዞሮ ነሐሴ ላይ ደረሰና ሰፈሩ ሁሉ ጿሚ ሆነ።

እኔ ስጾም የመጀመሪያዬ ነበር። ደብተሬ ላይ በማስመሪያ ዐሥራ አምስት ሳጥን ሠርቼ በየቀኑ ማታ አንዱን አጠቁር ነበር። ሕጌ ግልጽ ነው፤ እስከ ስድስት ሰዓት ምንም አልቀምስም፣ ከዚያም በኋላ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ የለም። የጎረቤት ልጆች በዚህ ይስቁብኝ ነበር።

«ያንቺ ጾም ሽሮ ይበላል!» ይሉኛል በአጥሩ ቀዳዳ።

«የእናንተም ማታ ማታ ሳምቡሳ ይበላል!» እላለሁ።

ጾም እንደ ዝናብ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ በየአገሩ የራሱ ወቅት ያለው። ስለዚህ ድንበሩን ስንሻገር ረመዳን ከኋላችን ቀርቶ ከፊታችን ፍልሰታ ብቻ እንደሚሆን ጠበቅኩ። ጅጅጋ ስንደርስ ሻይ ቤቶቹ እንደ ሐርጌሳ ተዘግተው ሳይ እትዬ ሙሉን ጎተትኳቸው።

«እዚህም ረመዳን ነው እንዴ?»

«ታዲያ የት ይሂድልሽ?» አሉ።

ለምን እኔን ይዘው እንደሄዱም ላስረዳ። የእትዬ ሙሉ ሱማልኛ የወጥ ቤት ሱማልኛ ነው፤ አምጪ፣ እጠቢ፣ ይበቃል፣ ይሞቃል። ለድንበር ፈታሽ የሚሆን ቋንቋ የላቸውም። እኔ ግን ሱማልኛ የተማርኩት ከጎረቤት ልጆች ጋር እየተሰዳደብኩ ስለሆነ ማንንም አልፈራም ነበር።

በገበያው ቅቤ የምትሸጠው ሴት ከሐረርጌ ደጋ የመጣች፣ አማርኛ የምትናገር ሙስሊም ነበረች። ቅቤው በቅጠል ተጠቅልሎ ፊቷ ተደርድሯል። እትዬ ሙሉ ከአንዱ በጥፍራቸው ጫሩ፤ የእጃቸው ጀርባ ላይ አሹት፤ ፀሐይ ላይ አድርገው እስኪቀልጥ ጠበቁ፤ ከዚያ አሸተቱት። ሌላም ጫሩ። ሦስተኛውን ሲያሸቱ ሴትየዋ ትዕግሥቷ አለቀ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቅመሺውና ይለይልሽ!»

«ጾመኛ ነኝ።»

«እኔም ጾመኛ ነኝ! ታዲያ ለዚህ ቅቤ ማን ሊመሰክርለት ነው?» ብላ ሳቀች። እትዬ ሙሉም ፈገግ አሉ፤ ይህ በወር አንዴ የሚሆን ነገር ነው። አምስት ኪሎ ገዙ። ከላዩ ኮሰረት ነስንሰውበት ነጭ ባለ ክዳን ባልዲ ውስጥ ጠቅጥቀው አስገቡት። ዝርዝሬ ላይ ምልክት አደረግኩ።

ያን ቀን የሚያውቋቸው ሰዎች ቤት አድረን በማግስቱ፣ ነሐሴ ዐሥራ አንድ ቀን፣ ተመለስን። ወደ ድንበሩ ከተማ ወደ ቶጎ ውጫሌ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ እትዬ ሙሉ ባልዲውን በጉልበታቸው መሀል አድርገው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ስሚኝ። እናትሽ ማርገዟን ለማንም እንዳትናገሪ። ለሹፌርም፣ ለፈታሽም። ያልተወለደ ልጅ መንገድ ላይ አይወራም፤ የማን ዐይን ምን እንደሆነ አይታወቅም።»

«ቅቤው ለምንድን ነው ቢሉኝስ?»

«ለቤት ነው በይ። ለቤት ማለት ውሸት አይደለም።»

ድንበሩን ያላየ ሰው ትልቅ ነገር ይመስለዋል። እኔም በሄድንበት ቀን ቢያንስ ግንብና በር እንደሚኖረው ገምቼ ነበር። ያለው ገመድ ነው፤ መሀሉ የረገበ ገመድ። ዝናቡ ሜዳውን ጥቁር ጭቃ አድርጎታል፤ ሰዎች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወረፋ ይጠብቃሉ፤ ፍየሎች ደግሞ ማንም ሳይጠይቃቸው በገመዱ ሥር ወዲያና ወዲህ ይመላለሳሉ። የፍየሎቹ ነገር ፍትሐዊ አልመሰለኝም።

ከገመዱ ወዲህ፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ካለ ጠረጴዛ ኋላ አንድ ወጣት ፈታሽ ቆሟል። አንገቱ ላይ እርጥብ ፎጣ ጣል አድርጓል፤ ከንፈሩ በጾም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የገብስ ዱቄቱን ዳሰሰው፤ አለፈ። ትርፉን ኮሰረት አሸተተ፣ አስነጠሰው፤ አለፈ። ከዚያ በጣሳ የያዝነውን የጤና አዳም ችግኝ አየ።

«አፈር አይገባም» አለኝ። «ተክሉን ውሰዱ፤ አፈሩ ይቀራል።»

«ምን አለ?» አሉ እትዬ ሙሉ።

«አፈሩን እንድንተው ነው።»

«አፈር ደግሞ ምን አደረገው?»

ዛሬ ቢሆን በአፈር ውስጥ የተባይ እንቁላልና የተክል በሽታ ተደብቆ ስለሚጓዝ ነው ብዬ አስረዳቸው ነበር። ያን ጊዜ ግን የመሰለኝን ነገርኳቸው፤ የሁለት አገር አፈር ሲገናኝ ይጣላል አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ተቀበሉኝ። ሥሩን አራግፈው በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለሉት።

«ይኼስ?» አለ ፈታሹ ባልዲውን በጣቱ እያንኳኳ።

«ሱበግ ነው፣ አዴር» አልኩ። አዴር ማለት አጎቴ እንደማለት ነው፤ ትልቅ ሰው የሚጠራበት።

«ለሽያጭ?»

«ለቤት ነው።»

«ስንት ናችሁ ቤት ውስጥ?»

«ሦስት።»

«ሦስት ሰው፣ አምስት ኪሎ! ማሻአላህ» አለ፤ ከኋላችን የተሰለፉት ሳቁ።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። የራሱ ዘዴ ነበረው፤ አሁን ሳስበው ጥሩ ዘዴ ነው። ለቤቱ ምግብ የያዘ ሰው ክዳኑን ከፍቶ ይቀምሳል። ነጋዴ ግን የተነካ ዕቃ ስለማይሸጥለት መክፈት አይወድም።

«በዚህ ወር ሙስሊሙን ቅመስ ልለው አልችልም» አለኝ። «ወላሂ ካለኝ አምኜው አሳልፈዋለሁ። እናንተ ግን አትጾሙም። ትክፈተውና ትቅመስ።»

ተረጎምኩላቸው።

«ጾም ነው በይው» አሉ እትዬ ሙሉ።

«ጾመኛ ናት» አልኩት።

«ረመዳንን?»

«የእኛ ሌላ ነው። የማርያም ጾም ነው።»

«ምን ዓይነት ጾም ነው? ዛሬ ጠዋት አንድ የእናንተ ሰው እዚሁ ፊቴ ቆሞ ሙዝ በላ!»

«ምን ይላል?»

«ሙዝ የበላ ሐበሻ አይቻለሁ ይላል።»

«ሙዝ ታዲያ ቅቤ ነው?» እትዬ ሙሉ ድምፃቸው ከፍ አለ። «ደግሞስ በጠዋት የበላ እንደሆነ እኔ ምን አገባኝ? የሰውየው የንስሐ አባት ነኝ?»

«ሙዝ ይፈቀዳል ትላለች» አልኩ ለፈታሹ።

«ሙዝ የሚበላበት ጾም!» አለ ወደ ሰልፉ ዞሮ፤ ሰልፉ እንደገና ሳቀ። እኔም ለትንሽ ጊዜ ነገሩ በሳቅ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ፎጣውን አስተካክሎ ቀጠለ። «እሺ፣ ካልቀመሰች ትማል። በራሷ እምነት ትማልልኝ፣ እቀበላታለሁ።»

ይህ ጥሩ ፍርድ መሰለኝና በፍጥነት ተረጎምኩት። እትዬ ሙሉ ግን እንደ መታኋቸው ሁሉ ወደ ኋላ አሉ።

«በእመቤታችን ጾም፣ በእሷ ስም፣ ለቅቤ? አልምልም።»

ይህን እንዴት ብዬ ወደ ሱማልኛ እንደማመጣው አላወቅኩም። «አትምልም» አልኩ ብቻ።

የፈታሹ ፊት ተለወጠ። «አትቀምስም፣ አትምልም። እንግዲህ ይህ ንግድ ነው። ለንግድ የሚገባ የከብት ውጤት ወረቀት አለው። ወረቀት ከሌለው በመጣበት ይመለስ።» ባልዲውን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ከጎኑ መሬት ላይ አስቀመጠው። ከኋላችን «ቶሎ በሉ፣ ፀሐይ ገደለን!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ፈታሹ ሊያሰናብተን እጁን አነሳና፣ እኔን አየኝ።

«አንቺስ? አንቺ ልጅ ነሽ። ልጅ አይጾምም። የቤታችሁ ከሆነ አንቺ ቅመሺ።»

ይህን አልተረጎምኩም። መተርጎምም አላስፈለገም፤ ጣቱ ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ ባልዲው ሲያመለክት እትዬ ሙሉ አይተዋል።

«ልጅቷን ተዋት!» አሉት በአማርኛ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ትከሻዬን ያዙ፤ ድምፃቸው ሰምቼው በማላውቀው መጠን ቀስ አለ። «እንዳትቀምሺ። ዐሥር ቀን ጾመሻል። ባልዲውን እንተውለት፣ ይቅር። ፓስታም ምግብ ነው።»

እሳቸው ሊያጽናኑኝ ብለው ነው። እኔ ግን የሰማሁት የመጨረሻውን ብቻ ነው። የእናቴ እጅ ግድግዳውን ሲፈልግ ታየኝ። ልጁ ታየኝ፤ የጨርቁ ጥቅልል፣ በማግስቱ ባዶ የሆነው ፍራሽ። ጠረጴዛውን ዞሬ ሄድኩ፤ ባልዲው አጠገብ ተንበረከኩ፤ ክዳኑን ከፈትኩና ሁለት ጣቴን እስከ መሀላቸው አስገብቼ ያወጣሁትን በሙሉ ጎረስኩ።

ጨው የለውም፤ ያልተነጠረ ቅቤ ነው። ምላሴ ላይ ቀዘቀዘ፣ ከዚያ ቀለጠ። የኮሰረቱ ቅጠል ጥርሴ ውስጥ ገባ። በጣም ጣፈጠኝ። ዐሥር ቀን ሙሉ በሽሮና በጎመን የቆየ አፍ ነው፤ መጣፈጡ ግን ከመብላቴ የባሰ ኃጢአት መሰለኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ ጣቶቼን ላስኩ። እትዬ ሙሉን አላየኋቸውም፤ አላየኋቸውም ማለቴ ማየት ፈራሁ ማለቴ ነው።

«በቃ፣ በቃ! ልትጨርሺው ነው እንዴ?» አለ ፈታሹ እየሳቀ። ክዳኑን ከእጄ ተቀብሎ ይገጥም ጀመር። «ውሰዱ፣ የቤት ነው። ግን እስኪ ንገሪኝ፣ አምስት ኪሎ ማን ነው የሚበላው?»

ጾሜን ከገደፍኩ ወዲያ የሚቀረኝ ትእዛዝ ያለ አልመሰለኝም። «እናቴ ልትወልድ ነው» አልኩት።

ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ኡሙል! ለኡሙል ነው?»

ኡሙል በሱማልኛ አራስ ማለት ነው። እነሱም ዘንድ የወለደች ሴት አርባ ቀን ትታረሳለች፤ ሾርባና ሱበግ ይቀርብላታል፣ ሥራ አትነካም። ይህን ያኔም አውቅ ነበር፤ የጎረቤቶቻችንን አራሶች አይቻለሁ። ከዚህ ጠረጴዛ ጋር ግን አላገናኘሁትም።

«ታዲያ ከመጀመሪያው ለምን አትናገሪም?» አለ፤ የተቆጣ ይመስላል። «ለኡሙል የሚሄድ ሱበግ ክዳኑም አይከፈትም ነበር! የኔ ሚስት ከወለደች ዛሬ ዐሥራ ሁለት ቀኗ ነው፤ ከሱበግ ሌላ ምን ትበላለች? ሂዱ፣ ሂዱ። በሰላም ትገላገል ኢንሻአላህ።» ባልዲውን ራሱ ተሸክሞ ወደ ሐርጌሳ የሚሄደው መኪና ድረስ አደረሰልን።

«ምን አለ?» አሉ እትዬ ሙሉ።

«በሰላም ግቡ አለ» አልኳቸው።

አንድ ቃል ይበቃ እንደነበር፣ ያንን ቃል ደግሞ እንዳልናገር ያዘዙኝ እሳቸው መሆናቸውን ልነግራቸው አልፈለግኩም። እሳቸው እስከ ሐርጌሳ ድረስ ባልዲውን አቅፈው በመስኮት ሜዳውን ሲያዩ ነበር። ዝም ሲሉ የሚፈሩ ሴት ናቸው ብያለሁ። ስለ ቅቤው ተቆጥተውኛል ብዬ አመንኩ፤ ጉንጬ ውስጥ የቀረውን የኮሰረት ጣዕም በምራቄ ላጠፋው ብዙ ሞከርኩ።

በዚያ ማታ ደብተሬን ገልጬ የዐሥራ አንደኛውን ቀን ሳጥን ባዶ ተውኩት። መዋሸት አልቻልኩም፤ በመዝገብ ላይ መዋሸት ዛሬም አልችልም። ከዐሥራ ሁለት እስከ ዐሥራ አምስት ያሉትን በየቀናቸው አጠቆርኩ። እናቴ ስለ ጉዞው ጠይቃኝ ነበር። «ፍየሎቹ አይፈተሹም» አልኳት፤ ሌላ አልጨመርኩም።

እናቴ ነሐሴ ዐሥራ አምስት ቀን ጠዋት ሐኪም ቤት ወለደች፤ ሴት ልጅ። ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ቤት መጣች። በማግስቱ ዐሥራ ስድስት ነው፤ ፍልሰታ ተፈታ።

ያን ቀን ጠዋት እትዬ ሙሉ ከሥራ ፈቃድ ወስደው ገንፎውን አገነፉ። የገብስ ዱቄቱን በፈላ ውኃ ላይ እየበተኑ በሁለት እጃቸው ሲያማስሉ የክንዳቸው ጅማት ይታይ ነበር። ቅቤው በዋዜማው ተነጥሮ ግቢው ሁሉ ሸትቷል፤ ገበታው ላይ የገንፎው ክምር መሀሉ በማንኪያ ጎድጉዶ በቅቤና በበርበሬ ተሞላ። የግቢው ሴቶች መጡ። በረመዳን ምክንያት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ከደጅ ሆነው፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ እንደማለት ያለውን በራሳቸው ቋንቋ መርቀው፣ ሕፃኗን አይተው፣ ማታ እንመጣለን ብለው ሄዱ። የቀሩት በገበታው ዙሪያ ተቀመጡ። እናቴ ፍራሿ ላይ ሆና የመጀመሪያውን ጎረሰች፣ ሁለተኛውን ጎረሰች፤ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። የሁሉም ከንፈር በቅቤ ያብረቀርቃል።

የእትዬ ሙሉ ብቻ ደረቅ ነበር። ማማሰያውን ሲያጥቡ አየኋቸው፤ ጣታቸውን እንኳ አልላሱም። ከዚያ ከምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከትንሽ ድስት ሽሮ አወጡ።

ገንፎዬን ይዤ ሄድኩ። «እትዬ ሙሉ፣ ጾሙ እኮ ተፈታ።»

«ለሌላው ተፈታ። እኔ አንድ ቀን ይቀረኛል።»

«ዐሥራ አምስቱንም ጾመዋል። ቆጥሬያለሁ።»

«የራሴን አይደለም» አሉ። እንጀራውን ቆረሱ፣ ግን አልጎረሱትም። «ጋአን ሊባህ ሁለት ጊዜ አራስ ጠብቄያለሁ። ኡሙል ምን ማለት እንደሆነ የማላውቅ መስሎሽ ነው? ሰውየው ግንባሩን ሲመታ ገባኝ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃን። አትናገሪ ብዬ አፍሽን የዘጋሁት እኔ፤ ቅቤውን የዋጥሽው አንቺ። ስለዚህ የገደፍሽው ቀን ዕዳው የኔ ነው።»

አምስት ቀን ሙሉ ተቆጥተውኛል ብዬ የፈራሁት ዝምታ ይህ ነበር።

«ግን የበላሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

«ለእናትሽ ብለሽ ነው።»

«እርስዎም አትናገሪ ያሉኝ ለእናቴ ብለው ነው።»

እትዬ ሙሉ ቀና ብለው አዩኝ። እኔም ማንኪያዬን ያልነካሁት ገንፎ ላይ አኖርኩና ሳህኑን ለአንዷ ሴት ሰጥቼ ተመልሼ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ተነሺ፣ ሂጂ ብዪ! በዓል ነው።»

«የኔ ቀን ነው፤ እኔም እጾመዋለሁ።»

«ሁለት ሰው አንድ ቀን ይጾማል እንዴ?»

«ግማሽ ግማሽ ይደርሰናል።»

ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ሳቃቸው ቀደማቸው፤ በአፍንጫቸው የወጣ አጭር ሳቅ። ድስቱን ወደ መሀላችን ገፉት። ከእንጀራቸው ቆርሰው ሰጡኝ። «በይ ቁጭ በይ። ግን ጨው በዝቶበታል፣ እንዳታማርሪ።»

እውነትም ጨው በዝቶበታል። ገና ሁለት እንደጎረስን እናቴ በሴቶቹ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችን። ሕፃኗ ክንዷ ላይ ተኝታለች።

«እናንተ ምነው ጥግ ያዛችሁ?» አለች። «ኑ እንጂ! ይኼን የመሰለ ቅቤ አምጥታችሁ ሳትቀምሱት ልታስጨርሱ ነው?»

እኔ እትዬ ሙሉን አየሁ። እሳቸውም ወደ እናቴ ሳይሆን ወደ ድስቱ እያዩ፣ ቀጣዩን ጉርሻ እየጠቀለሉ መለሱላት።

«አንቺ ብዪ፣ ጠግበሽ ብዪ። የእኛ ተራ ነገ ነው።»